ጠዋት ጠዋት አልገባ የሚል ማርሽ

(ድምፅ፦ ብርድ ላይ ያደረ ሞተር ይነሳል። የማርሽ መንጓጓት ይሰማል። ድምፁ ቀስ እያለ ይጠፋል።)

አሁን የሰማችሁትን ድምፅ ያመጣሁላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ወሩ ታኅሣሥ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። የሚኒባሱ ሹፌር የፊት መስታወቱን በመታወቂያ ካርዱ ጠርዝ ይፍቃል፤ ረዳቱ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በሩን ይዞ ቆሟል። ሞተሩ ተነስቷል። ሹፌሩ ገባ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ የማርሹን ዘንግ ወደ አንደኛ ገፋ። ዘንጉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ደገመው፤ አሁንም ቆመ። በሦስተኛው በእጁ ሳይሆን በትከሻው ገፋውና ያ ጓጓታ ተሰማ።

«ብርዱ ነው» አለኝ ፊቴን አይቶ። «ሲሞቅ ይለቃል።»

አልዋሸም፤ ለቀቀ። ሦስት ሰዓት ላይ የዚያው መኪና ማርሽ በሁለት ጣት የሚገባ ሆኖ ነበር። ጣጣውም የሚመጣው ከዚህ ነው። ሲሞቅ የሚለቅ ብልሽት ፈላጊ የለውም። ሹፌሩ እኩለ ቀን ላይ ይረሳዋል፤ መካኒኩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ጠፍቷል። በማግስቱ ጠዋት ግን እዚያው ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ብርድ ላይ ስለሚያዝ ማርሽ ነው፤ በተለይም መኪናው ሞቆ ማስረጃውን ከማጥፋቱ በፊት ብልሽቱን እንዴት እጅ ከፍንጅ እንደምንይዘው።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ እዚያው ደብረ ብርሃን ሳለሁ አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ነበረችኝ። ኅዳር ሲገባ ጠዋት ጠዋት ማርሿ አልንቀሳቀስ አለ። ከሥራ አስፈቅጄ ጋራዥ የማደርሳት አምስት ሰዓት ገደማ ነው። መካኒኩ ይነዳታል፣ አንድ ሁለት ዙር ይዞራል፣ «ምንም የላትም» ብሎ ቁልፌን ይመልስልኛል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው «እንግዲያው ፍሪሲዮኗ ነው» ተባለና ካምቢዮው ወርዶ ዲስኩም ፕሬሸር ፕሌቱም ተቀየረ። የወር ደሞዜን ግማሽ የበላ ሥራ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ማርሹ እንደ ትናንቱ። ጋራዡን አልወቅስም፤ ደህና፣ ትንሽ እወቅሳለሁ። ያላየውን በሽታ ነው ያከመው።

በኋላ ሰዎች ከከተማው ዳር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ላኩኝ። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ጠዋት ጠዋት...» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ሰዓት ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ አሁን ምኗን ልይልህ? የሚያማት ጠዋት አይደለም እንዴ! ቁልፉን ተውልኝና ሂድ፤ እዚሁ ትደር። ጠዋት 12 ሰዓት ና። ጋቢ ይዘህ ና።»

በሕይወቴ ከሰማኋቸው የመካኒክ ምክሮች ሁሉ ውዱ ይህ ነው፤ ያውም በነፃ። ብርድ ላይ የሚያዝ መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ መኪናውን ወደ ጋራዥ ስትነዱት ብልሽቱን እያሞቃችሁት ነው የምትሄዱት። ከቻላችሁ አሳድራችሁ ስጡት። ካልቻላችሁ ጠዋት የሆነውን በወረቀት ጻፉና ያዙ፦ የትኛው ማርሽ ነው የሚያስቸግረው፣ ሞተሩ ጠፍቶም ያስቸግራል ወይስ ተነስቶ ብቻ፣ ድምፅ አለው ወይስ ዝም ብሎ ይከብዳል፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ለቀቀ። እነዚህ አራት ጥያቄዎች የግማሽ ቀን ፍተሻ ይቀንሳሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ሽማግሌው ወደ ቀጠሩኝ ጠዋት ልውሰዳችሁ። ሽማግሌው ሞተሩን እንዳስነሳ አልፈቀዱልኝም። «መጀመሪያ ዝም ባለችበት» አሉ። የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ፣ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ከዚያ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገባሁ፤ አስገባሁ ማለት ይቀለኛል እንጂ ዘንጉ ገንፎ ውስጥ የተተከለ ማማሰያ ሆኖብኝ ነበር። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይከብዳል።

ይህን ፈተና ማንም ሰው ያለ አንዳች መሣሪያ ነገ ጠዋት ሊያደርገው ይችላል፤ ምክንያቱን ግን ልንገራችሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ካምቢዮው ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። ስለዚህ ዘንጉ ያኔም ከከበደ ጥፋቱ ከእጃችሁ እስከ ካምቢዮው ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ዘንጉ ራሱ፣ ካቮው፣ መገጣጠሚያዎቹ፣ ወይም ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ማርሽ ገፊ ዘንጎችና የተቀመጡበት ዘይት። በተቃራኒው ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ ልስልስ ብሎ ከገባ፣ ሲነሳ ብቻ ካስቸገረ፣ ዓይናችሁን ወደ ፍሪሲዮኑና ወደ ሲንክሮናይዘሩ አዙሩ፤ ሲንክሮናይዘር ምን እንደሆነ ኋላ እመጣበታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ሞተር ጠፍቶ አንዳንድ ጊዜ ጥርስ ከጥርስ ፊት ለፊት ይገጥምና አንዱ ማርሽ አልገባ ይላል፤ እሱ ብልሽት አይደለም። ፍሪሲዮኑን አንዴ ለቃችሁ ርገጡና ሞክሩት፣ ወይም ሜዳ ላይ ከሆናችሁ መኪናውን ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ድገሙት።

የእኔ መኪና ጠፍታም ከበደች። ማለትም በመጀመሪያዋ ደቂቃ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ፍሪሲዮን ነፃ ወጣ።

ሁለተኛው ሥራ ከዘንጉና ከካምቢዮው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። ይህ እንደ መኪናው ይለያያል። እንደ ሂሉክስና እንደ አሮጌው ላንድ ክሩዘር ባሉት ላይ ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው አናት ላይ ይገባል፤ በመሃል ካቮ የሚባል የለም። እንደ ኮሮላና ቪትዝ ሞተራቸው ወደ ጎን በተጋደመ፣ የፊት ጎማቸው በሚጎትት መኪኖች ላይ ግን እጃችሁ ዘንጉን ሲገፋ ሁለት ካቮዎች ናቸው ወሬውን ወደ ካምቢዮው የሚያደርሱት፤ አንዱ የፊትና የኋላውን፣ ሌላው የጎኑን። ጋቢናው ወደ ፊት በሚገለበጠው አይሱዙም በካቮ ነው።

ሽማግሌው ኮፈኑን ከፍተው በፒንሳ የካቮውን ጫፍ ከካምቢዮው ክንድ ላይ አላቀቁት። ከዚያ ክንዱን በባዶ እጃቸው ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሱት። ቀጭ፣ ቀጭ፤ እንደ ሳጥን ቁልፍ። «አየህ፣ ሆዷ ደህና ነው» አሉኝ። ቀጥለው ውስጥ ያለውን ዘንግ እንድገፋ አዘዙኝ፤ ከካምቢዮው ጋር ሳይያያዝ አሁንም ማማሰያው ገንፎው ውስጥ ነው። በሽታው ካቮው ሆነ።

ካቮው ሲወጣ አጠገባቸው ነበርኩ። ጫፉ ላይ ያለችው የጎማ መሸፈኛ፣ እነሱ ጎሚኒ የሚሏት፣ ዙሪያዋን ተተርትራለች። ከሥሯ ያለው ግራሶ ግራሶነቱ ቀርቶ የቡና አተላ መስሏል፤ አቧራው፣ ዝገቱና አሮጌው ቅባት አንድ ላይ ተቦክተው። ሽማግሌው ካቮውን ዘቅዝቀው በጣታቸው ሲመቱት ከሽፋኑ አፍ ላይ እንደ ሚስማር የቀጠነች የበረዶ ስባሪ መዳፋቸው ላይ ወደቀች። ወዲያው ቀለጠች። «ይኸውልህ፣ ሦስት ሰዓት ላይ የምትጠፋብህ ይቺ ነች» አሉኝ።

ውሃው ከየት ገባ? ከእኔ። መኪናዋን በየቅዳሜው በግፊት ውሃ አሳጥባት ነበር፤ አጣቢውም ኮፈኑን ከፍቶ ሲረጭ «ጎበዝ ልጅ ነው» እያልኩ ጉርሻ እጨምርለት ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ካቮው ቢላቀቅም የካምቢዮው ክንድ የከበደ ይሁን እንበል። ያኔ ወደ ዘይቱ እንሄዳለን፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የተሳሳተ ወሬ የበዛው በዚህ በኩል ነው።

ቅቤን አስቡ። ሸዋ ሮቢት ጠርሙስ ውስጥ ያለ ቅቤ እኩለ ቀን ላይ ይፈሳል። ያንኑ ጠርሙስ ወደ ደብረ ብርሃን ብታመጡት በማግስቱ ጠዋት በማንኪያ ነው የምትቆፍሩት። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር። ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። የካምቢዮ ዘይትም እንደ ቅቤው ሲበርደው ይወፍራል፤ ጥሩው ግን እንደ ቅቤ አይረጋም።

የዘይቱ ቆርቆሮ ላይ 75 ደብሊው 90፣ ወይም 80 ደብሊው 90 የሚል ታነባላችሁ። ደብሊዋ በእንግሊዝኛ ክረምት ለሚለው ቃል የቆመች ናት፤ የእነሱ ክረምት ብርድ ነውና። የእኛ ውርጭ የሚወርደው በበጋው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ስለሆነ «ክረምት» ብለው የሚተረጉሙላችሁን አትስሟቸው፣ «ብርድ» ብላችሁ ያዙት። ከደብሊዋ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ ሲበርደው እንዴት እንደሚሆን ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር ብርድ ላይ ይቀጥናል። 75 ደብሊው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ፣ 80 ደብሊው ከዜሮ በታች 26 ላይ፣ 85 ደብሊው ከዜሮ በታች 12 ላይ ውፍረቱ ከ150,000 ሴንቲፖይዝ እንዳያልፍ ተብሎ ነው የሚመደበው። ውሃ በተራ ሙቀት 1 ሴንቲፖይዝ ገደማ ነው። ኋላ ያለው 90 ደግሞ የሞቀው ዘይት ውፍረት ነው።

ከዚህ ምን እንረዳለን? የደብረ ብርሃን ውርጭ፣ የመሐል ሜዳም ሆነ የደባርቅ፣ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ነው። ትክክለኛው ዘይት ያለበት ጤነኛ ካምቢዮ እዚያ ላይ ጠጠር ይላል እንጂ አይያዝም። ስለዚህ «ብርዱ ነው» የሚለው መልስ ለእኛ አገር ግማሽ መልስ ነው። ብርዱ ያጋለጠው ሌላ ነገር አለ። አንዳንዴ ለዲፍረንሻል የተገዛ 85 ደብሊው 140 ተርፎ «ያው ዘይት ነው» ተብሎ ካምቢዮ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ሲሞቅ እንኳ የ90ውን እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ውፍረት አለው። አንዳንዴ ደግሞ ዘይቱ መኪናው ከተገዛ ጀምሮ አልተቀየረም።

ውፍረቱ ማርሹን የሚይዘው እንዴት ነው? የታክሲ ረዳትን አስቡ። በሩን ይዞ ከሚሄደው ሚኒባስ ጎን ይሮጣል፣ ፍጥነቱን ያስተካክላል፣ ከዚያ ብድግ ብሎ ይሳፈራል። ሳይሮጥ ቢዘል አስፋልቱ ላይ ነው። ካምቢዮው ውስጥ ይህን ሩጫ የሚሮጠው ሲንክሮናይዘር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከነሐስ የተሠራ ቀለበት። ማርሹ ከመግባቱ በፊት ቀለበቱ የማርሹን ሾጣጣ አንገት ጨብጦ ፍጥነታቸውን ያስተካክላል። ለመጨበጥ ግን በመሃል ያለውን ዘይት ገፍቶ ማውጣት አለበት። ዘይቱ ከወፈረ ረዳታችን ጭቃ ላይ እየሮጠ ነው፤ ይንሸራተታል። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትሄዱ የሚያቅማማው፣ ከአሥር ደቂቃ ጉዞ በኋላ ደግሞ የሚስተካከለው ለዚህ ነው። አሥር ደቂቃ ሄዶም የሚያቅማማ ከሆነ፣ ያውም አንዱ ማርሽ ላይ ብቻ፣ ቀለበቱ አልቋል ማለት ነው፤ ጫማው ሶል የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለዘይት ሻጮች ብዙም ባይጥማቸውም። ቆርቆሮው ላይ ጂኤል 4 እና ጂኤል 5 የሚል አለ። 5 ከ4 ስለሚበልጥ ይሻላል ብሎ የሚሸጥ ሰው አጋጥሞኛል። አይደለም። ጂኤል 5 ከባድ ጫና ላለባቸው የዲፍረንሻል ጥርሶች የተሰናዳ ነው፤ በውስጡ የበዛው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ሲንክሮናይዘሩ የሚፈልገውን ጭበጣ ሊያሳጣው፣ አንዳንዱም ነሐሱን ሊበላ ይችላል። የመኪናው መጽሐፍ ጂኤል 4 ካለ ጂኤል 4 ነው። ከናካቴው የሞተር ዘይት ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚጠይቁ በእጅ የሚቀየሩ ካምቢዮዎችም አሉ፤ መጽሐፉን ሳታዩ አትግዙ።

ዘይቱን ስታስቀይሩ የሚወርደውን በነጭ ዕቃ ተቀበሉና እዩት። ወተት የተጨመረበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቷል። በብርሃን ሲታይ ወርቃማ ብናኝ የሚያብለጨልጭ ከሆነ የነሐስ ቀለበቶቻችሁ እየተፈጩ ነው። መጠኑ የሚታየው ደግሞ በካምቢዮው ጎን ባለው ቡሎን ነው፤ በአብዛኛዎቹ ላይ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ እኩል መሆን አለበት።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ መጀመሪያው ሹፌር እንመለስ። ያን ዕለት ጠዋት ሥራዬ ድምፅ መቅዳት ብቻ ነበር፤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። «ወንድሜ፣ አንዴ አጥፋውና ሞክረው» አልኩት። ተሳፋሪዎቹ አጉረመረሙ። አጠፋው። ማርሾቹ ሁሉ ሰተት ብለው ገቡ። ኋላ ማርሽም ገባ። አስነሳው፤ ተመልሶ ተያዘ።

ይህ ከእኔ መኪና ፍጹም የተለየ በሽታ ነው፤ ሁለቱንም ግን ሰው የሚጠራቸው በአንድ ስም፣ በብርድ። ሁለት ፈተና ቀረው። ፍሪሲዮኑን ረግጦ አምስት ሰከንድ ያህል እንዲቆይ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ኋላ ማርሽ እንዲያስገባ ነገርኩት። ኋላ ማርሽ በብዙ መኪኖች ላይ ሲንክሮናይዘር ስለሌለው አይሸፋፍንም፤ ዲስኩ አሁንም እየዞረ ከሆነ ይጮኻል። ጮኸ። ፔዳሉ ወለሉን ነክቶ ፍሪሲዮኑ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ማለት ነው። ቀጥሎ ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ እንዲረግጥ አልኩት። ረገጠና ሞከረው፤ አንደኛ ያለ ድምፅ ገባ። ረዳቱ ሳቀ። ተሳፋሪዎቹ አጨበጨቡ፤ እኔን ሳይሆን ማርሹን ነው።

በተደጋጋሚ ሲረገጥ የሚሻለው ፍሪሲዮን የሚሠራው በፈሳሽ ግፊት ከሆነ፣ ወይ አየር ገብቶበታል፣ ወይ ከላይኛውና ከታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ በአንዱ ውስጥ ያለው የጎማ ማሸጊያ፣ እሱንም ጎሚኒ ይሉታል፣ ግፊቱን አይዝም። ጎሚኒ ብርድ ላይ ይደርቃል፤ ከግድግዳው ጋር አጥብቆ ስለማይገጥም ፈሳሹ በጎኑ ያፈተልካል። ሲሞቅ ይለሰልስና ይዘጋል። ፈሳሹ ራሱም ጣጣ አለው። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ዘይቶች ከአየር ላይ እርጥበት እየጠጡ የሚኖሩ ናቸው፤ ለዚህ ነው ቆርቆሮው ተከፍቶ ወራት የተቀመጠ ዘይት አይጨመርም የሚባለው። የሹፌሩን የፍሪሲዮን ዘይት ማስቀመጫ ከፍቼ አየሁት። የሦስተኛ ቡና መልክ ቢኖረው ደስ ባለኝ፤ የአቦል ነበር።

መንገዱንም አስቡት። ያ ሚኒባስ የሚሄደው ወደ ደብረ ሲና ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ጣርማበር አልፎ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን ዋሻ ሰንጥቆ፣ ከዚያ ቁልቁል። (ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቮ፣ ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው፤ ዋሻውንም ቃሉንም ትተውልን ሄዱ።) ያ ቁልቁለት የሚወረደው በከባድ ማርሽ በሞተር እየተያዘ እንጂ በፍሬን ብቻ አይደለም። ማርሽ ለመቀነስ ፈልጎ ዘንጉ ዜሮ ላይ የተያዘበት ሹፌር፣ መኪናው ሙሉ ሰው እንደጫነ በነፃ መንደርደር ይጀምራል። ስለዚህ ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ የሚያስቸግር ማርሽ ይዞ ጣርማበርን መውረድ አይገባም፤ ማርሹም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይቀነስ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከአገር ውጭ ሆናችሁ የምትሰሙን፣ በሚኒያፖሊስም በዴንቨርም፣ በቶሮንቶም በስቶክሆልምም፣ የእናንተ ብርድ የእኛን ውርጭ ያስንቃል፤ የብዙዎቻችሁም መኪና አውቶማቲክ ነው። እዚያ ጥያቄው «ማርሹ ከፒ፣ ከማቆሚያው፣ አልወጣ አለ» የሚል ነው። ዴንቨር ያለች የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት በዚሁ ጉዳይ ደወለችልኝ፤ ሥራ ረፍዶባታል፣ ልጆቹ ኋላ ወንበር ላይ ናቸው።

አውቶማቲክ መኪና ፍሬን ሳይረገጥ ከፒ እንዳይወጣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ትንሽ መቆለፊያ አለችው። ቁልፉን ክፍት አድርጋ ፍሬን እንድትረግጥና እንድታዳምጥ ነገርኳት። ቀጭ የምትል ድምፅ አለች? አለች። የኋላ የፍሬን መብራትስ? ትልቁ ልጅ ወርዶ አየ፤ ይበራል። መብራቱ ባይበራ ኖሮ ፔዳሉ ሥር ያለችውን ማብሪያ ወይም ፊውዙን እንጠረጥር ነበር። መብራቱ ፈዝዞ ድምፁም ባይኖር፣ ብርድ ላይ ያደረ ደካማ ባትሪ። መኪናው ዳገት ላይ ያለ እጅ ፍሬን ቆሞ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ክብደቱ ካምቢዮው ውስጥ ባለች አንዲት ጥርስ ላይ ያርፍና ዘንጉ ይከብዳል፤ እሷ ግን ሜዳ ላይ ነው ያቆመችው።

«ሰሞኑን ዘንጉ አካባቢ የፈሰሰ ነገር አለ?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ሻይ» አለች። «ከስንት ስኳር ጋር?» «አንተ ደግሞ! በእኛ ቤት ሻይ ስንት ስኳር እንዳለው ታውቃለህ።» አውቃለሁ። ስኳሩ ዘንጉ ሥር ወርዶ፣ በጋ ላይ ዝም ብሎ፣ ብርዱ ሲመጣ እንደ ረጋ ማር ጠጥሯል። በብዙ መኪኖች ላይ ዘንጉ አጠገብ ሺፍት ሎክ የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ፍሬን ረግጦ፣ በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ታች ሲጫኗት መቆለፊያውን ትለቃለች። የዚያን ዕለት ልጆቹ ትምህርት ቤት የደረሱት በዚች ቀዳዳ ነው። ቅዳሜ ሽፋኑ ተፈቶ ታጠበ።

የማይደረጉትን በአጭሩ ልናገር። በተያዘ ካቮ ላይ የፈላ ውሃ አታፍስሱ፤ ለዛሬ ይለቃል፣ ውሃው ግን ገብቶ ነገ በረዶ ይሆናል። ካምቢዮ ዘይት ውስጥ «ቀጠን ይበል» ተብሎ ናፍጣ ወይም ላምባ አይጨመርም። የሚረጩት ዝገት ማላቀቂያዎች ያላቅቃሉ እንጂ እንደ ግራሶ አይቆዩም፤ ነባሩን ቅባት አጥበው ባዶ ይተዋሉ። ዘንጉን በትከሻ መግፋት ደግሞ የካቮውን የፕላስቲክ ጫፍ ይሰብራል ወይም ውስጥ ያለውን ሹካ ያጣምማል፤ ያኔ የጎሚኒ ዋጋ የካምቢዮ ዋጋ ይሆናል። እስኪጠገን ድረስ ሞተሩን ዜሮ ማርሽ ላይ ጥቂት አሠርታችሁ፣ አንደኛ እምቢ ካለ መጀመሪያ ሁለተኛን ነካ አድርጋችሁ ወደ አንደኛ መልሱት፣ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር በዝግታ ሂዱ። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ካምቢዮውን ብዙ አያሞቀውም፤ የሚያሞቀው ጉዞው ነው።

የእኔ ካቮ ተቀየረ፤ የተቀደደችው ጎሚኒም በአዲስ ተተካች። ሽማግሌው የሥራቸውን ተቀበሉ። «የአዳሩንስ ጋሼ?» አልኳቸው። «የአዳሩን ለዘበኛው ሻይ ግዛለት» አሉ።

የሚኒባሱ ሹፌር ደግሞ ከትናንት በስቲያ ደወለልኝ። ታችኛው የፍሪሲዮን ፖምፓ ተከፍቶ ጎሚኒው ጠርዙ ተበልቶ ተገኘ፤ ተቀየረ፣ ዘይቱም ሙሉ ለሙሉ ታደሰ፣ አየሩም ወጣ። ማርሹ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሁለት ጣት ይገባል። «አሁንማ ምን ችግር አለ» አልኩት። «አሁንማ» አለኝ፣ «ሞተሩ ነው ጠዋት አልነሳ የሚለኝ።» ባትሪው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አላወቀውም። ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ባትሪ እንነጋገራለን።

(መዝጊያ ሙዚቃ)